የጋራ መሥሪያ ቦታ አመራረጥ፦ በአዲስ አበባ ለጀማሪ ሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና አቅም ላጠራቸው ወጣቶች

በአዲስ አበባ የራሱን ሥራ ለመጀመር የሚነሣ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሥራ ሐሳብ አያጣም፤ የሚያጣው ተረጋግቶ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ቤት ውስጥ ታናናሾቹ ይንጫጫሉ፣ መብራት ድንገት ይጠፋል፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ኮምፒውተር ከፍታ የተቀመጠች ልጅ «ሥራ አልያዝሽም አይደል፣ እስቲ ቡና አፍዪ» ትባላለች። ካፌ ውስጥ በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ያሳቅቃል፤ አስተናጋጁ ንጹሑን ጠረጴዛ ደጋግሞ ሲጠርግ ምን ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። የራስን ቢሮ ለመከራየት ከታሰበም አከራዩ የብዙ ወር ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። በብዙዎች አፍ «ኮወርኪንግ» ወይም «ሀብ» እየተባለ የሚጠራው የጋራ መሥሪያ ቦታ የሚፈለገው እንዲህ ያለው ችግር ሲገጥም ነው።

ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት ጀማሪዎችን በሒሳብ አያያዝና በንግድ ምዝገባ ጉዳይ በምረዳባቸው ዓመታት ብዙዎቹ ቦታ ሲመርጡ ዋጋና ፎቶግራፍ ብቻ አይተው ሲወስኑ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን አጥተው ሲወጡ ስላየሁ ነው። የእኔ ሚዛን አንድ ነው፤ ቦታው ለማን ታስቦ እንደተሰናዳ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ይህ ደግሞ ግድግዳው ላይ ከተጻፈው መፈክር ሳይሆን ከመርሐ ግብሩ ሰዓት፣ ከደረጃው፣ ሰዎች ከሚነጋገሩበት ቋንቋና ከአከፋፈሉ ይታያል።

የሐሳቡ አመጣጥ ራሱ ይህን ለመረዳት ይጠቅማል። ዛሬ በምናውቀው ስሙ የመጀመሪያው የጋራ መሥሪያ ቦታ በ2005 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ብራድ ኑበርግ በተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ተከፈተ። የእርሱና የባልንጀሮቹ ችግር ብቻቸውን መሥራት መሰልቸታቸው ነበር፤ ቤት፣ መብራትና ኢንተርኔት ግን ነበራቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ አይሀብ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አይስአዲስ ሲቋቋሙ ጉዳዩ ሌላ ነበር፤ የመጡት ወጣቶች መጀመሪያ የፈለጉት የማይቆራረጥ መብራትና ኢንተርኔት ነበር፣ መተዋወቁ የመጣው አብረው ሲቀመጡ ነው። ስለዚህ የውጭ አገር የምርጫ መመሪያዎች ስለ ወንበር ምቾትና ስለ ቡና ዓይነት የሚሉት ለእኛ ብዙ አይጠቅምም።

አማራጮቹ ምን ምን ናቸው

በከተማዋ አንድ ጀማሪ ሊያወዳድራቸው የሚችሉ አራት ዓይነት ቦታዎች አሉ፤ ሰዎች አንዱን ከሌላው እያምታቱ የሚፈልጉትን ነገር ከማይሰጠው ቦታ ስለሚጠብቁ፣ ልዩነታቸውን መለየቱ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

አንደኛው የማኅበረሰብ ሀብ ነው። ከኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር ተጀምሮ ኋላ ራሱን የቻለው አይስአዲስ በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅ ነው። የእንዲህ ያለው ቦታ ዋና ሀብቱ ሰው ነው፤ ሥልጠና፣ አማካሪ፣ ውድድርና የሙያ ባልንጀራ ይገኝበታል። ከዚሁ ጋር የሚቀራረበው ኢንኩቤተር ግን ሌላ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሥራችነታቸው የሚታወቁት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ያቋቋሙት ብሉሙን፣ በግብርና ነክ ንግድ ላይ የተሠማሩ ወጣቶችን ተቀብሎ ለማሳደግ የተነሣ እንዲህ ያለ ኢንኩቤተር ነበር። ኢንኩቤተር አመልካቾችን አወዳድሮ በዙር ይቀበላል፣ ለተወሰኑ ወራት ያሠለጥናል፣ ያስመርቃል። ወንበር ፈልጎ ለኢንኩቤተር የሚያመለክት ሰው ማመልከቻው ውድቅ ሲሆን ሐሳቡ የማይረባ ይመስለዋል፤ የተሳሳተው ግን ያንኳኳው በር ነው።

ሁለተኛው የንግድ የጋራ ቢሮ ነው፤ በቦሌና በአካባቢው ባሉ ፎቆች ላይ ተደራጅቶ ጠረጴዛን በቀን ወይም በወር፣ ትንንሽ ክፍሎችን ደግሞ በውል ያከራያል። ንጽሕናው፣ ጀነሬተሩና የስብሰባ ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ ይሻላል፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ምን እንደሚሠራ ሳታውቁ ግን ዓመት ልታሳልፉ ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ነጻ የሕዝብ ቦታ ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውና ሁላችንም ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በየወረዳው ያሉት የወጣት ማዕከላት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። እነዚህን ብዙ ሰው እንደ አማራጭ አይቆጥራቸውም፤ ይህ ስሕተት ነው። ገና ሐሳቡን በወረቀት እያሰፈረ ላለ፣ ገበያ ለሚያጠና ወይም ፕሮግራም መጻፍ ለሚማር ሰው የአብርሆት ጠረጴዛ በወር በሺዎች ከሚከፈልበት ጠረጴዛ አያንስም። ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ ስልክ ማነጋገር፣ ደንበኛ ተቀብሎ ማወያየት፣ ዕቃ አስቀምጦ መሄድ አይቻልም። የወጣት ማዕከላቱ ደግሞ እንደየወረዳው ይለያያሉ፤ የጆተኒውና የፑሉ ጫጫታ የማያሠራበት አለ፣ ጸጥ ያለ የንባብ ክፍል ያለውም አለ፤ አካባቢያችሁ ያለውን ሄዳችሁ በዓይናችሁ ማየት ይኖርባችኋል።

አራተኛው የመንግሥት የማምረቻ ሼድና የዩኒቨርሲቲዎች የኢንኩቤሽን ማዕከል ነው። ስለ ሼድ ዝቅ ብዬ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ። የዩኒቨርሲቲዎቹ ማዕከላት በዋናነት ለተማሪዎቻቸውና ለቅርብ ተመራቂዎቻቸው ስለሆኑ፣ ገና ግቢ ውስጥ ያለ ወጣት ሌላ ቦታ ከመፈለጉ በፊት የራሱን ዩኒቨርሲቲ ይጠይቅ።

የምሽቱ ሰዓት

አንድ ቀን አንድ ሀብ ውስጥ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ20 ላይ ያየሁትን ልናገር። በመስኮቱ በኩል ባለው ረጅም ጠረጴዛ አምስት ወጣት ሴቶች ይሠሩ ነበር። አንደኛዋ የቻርጀሩን ገመድ እጇ ላይ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ሁለተኛዋ ስልኳን አየች፣ ወዲያው አምስቱም ተነሥተው ተያይዘው ወጡ፤ የታክሲው ሰልፍ ከመርዘሙና ከመምሸቱ በፊት ለመድረስ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የተጋበዘው ባለሀብት መጣ፤ ለአንድ ሰዓት ተኩል ስለ ገንዘብ አገኛኘት ተናገረ፣ ጥያቄ ተቀበለ፣ በመጨረሻም የስልክ ቁጥሩን ሰጠ። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ወንዶች ነበሩ። በማግስቱ ሴቶቹ ሲመጡ የሰሙት ስብሰባው ጥሩ እንደነበረ ብቻ ነው። ያ ቦታ በማስታወቂያው ሴት ሥራ ፈጣሪዎችን እንደሚደግፍ ይናገራል፤ ክፉ ሐሳብ የነበረውም ሰው አልነበረም፤ ሰዓቱን የቆረጡት ግን የሚመለከታቸውን ሳያማክሩ ነው።

ስለዚህ ቦታ ልታዩ ስትሄዱ ያለፉትን ሁለት ወራት የመርሐ ግብር ዝርዝር ጠይቁ። የአማካሪ ቀጠሮና የባለሀብት ግብዣ ሁሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ራቅ ያለ ሰፈር ለምትኖር ሴት ወይም ማታ ታናናሾቿን ለምትንከባከብ ልጅ የቦታው ትልቁ ጥቅም ተዘግቷል ማለት ነው፤ የምትከፍለው ለወንበሩ ብቻ ይሆናል። በቅዳሜ ጠዋት ወይም በምሳ ሰዓት የሚያደርግ ቦታ ካገኛችሁ፣ ጠረጴዛው ቢያረጅም እንኳ አስበልጣችሁ መዝኑት። ሕፃን ልጅ ያላት እናት ደግሞ ልጇን ይዛ የምትቀመጥበት ወይም የምታጠባበት ክፍል መኖሩን በቀጥታ ትጠይቅ፤ «ችግር የለም፣ እናመቻቻለን» የሚል መልስ ክፍሉ አሁን የለም ማለት ስለሆነ፣ ክፍሉን አሳዩኝ ማለት ተገቢ ነው።

ደረጃ፣ አሳንሰርና በር

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ሕጉ ይህን ቢልም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ የጋራ መሥሪያ ቦታ ተደራሽነቱ የሚወሰነው መብራት በጠፋበት ሰዓት በሚሆነው ነው። በብዙ ሕንፃዎች ጀነሬተሩ መብራቱንና ሶኬቱን እንጂ አሳንሰሩን አያንቀሳቅስም። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ አንድ የማውቀው ግራፊክ ዲዛይነር በዚህ ምክንያት ከሰዓት በኋላ የገባበትን ፎቅ ለቅቆ ለመውረድ መብራት እስኪመጣ ከሦስት ሰዓት በላይ ጠብቋል፤ የቦታው ሠራተኞች በትሕትና ተሸክመን እናውርድህ አሉት፣ እርሱ ግን አልፈለገም። በማግስቱ አባልነቱን አቋረጠ። የከፈለው የቀረው ወር ገንዘብ አልተመለሰለትም።

የሚጠየቀው ጥያቄ እንግዲህ «አሳንሰር አላችሁ ወይ» ሳይሆን «ጀነሬተሩ አሳንሰሩን ያነሣል ወይ» የሚል ነው። ምድር ቤት ወይም የመጀመሪያ ፎቅ ላይ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚገፋበት ተዳፋት) ያለው ተራ ቦታ ከላይኛው ፎቅ ውብ ቦታ ይሻላል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ በሩ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ካልሆነ ዊልቸር ማስገባት ያስቸግራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠባቡ ደግሞ የመጸዳጃው በር ነው። መስማት የተሳነው ሰው ሥልጠናዎች ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማን እንደሚቀጥርና ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በውይይት ጊዜ አስተርጓሚ ከሌለ ከማኅበረሰቡ ጥቅም አብዛኛው ይቀርበታል። ማየት የተሳነው ሰው ደግሞ የቦታው የምዝገባና የክፍል ማስያዣ መተግበሪያ በስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚነበብ መሆኑን ሳይመዘገብ በፊት በራሱ ስልክ ይሞክር።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሀቦች ውስጥ ሐሳብን ማቅረብ የሚፈቀደው በእንግሊዝኛ ብቻ ይመስላል፤ ስላይዱም፣ ዳኛውም፣ ጥያቄውም በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ቢጠየቅ ስለ ዶሮ መኖ ዋጋ ሙሉ ቀን ሊያስረዳ የሚችል ወጣት በዚያ መድረክ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ይቀመጣል፣ ሥራውም ደካማ ተብሎ ይመዘናል። ደንበኞቹ መርካቶና ሳሪስ ያሉ ሰዎች ሆነው ሳለ በእንግሊዝኛ መፈተኑ ምን እንደሚጠቅም አልገባኝም። አንድ ዝግጅት ላይ ተገኝታችሁ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሳቅና በየትኛው እንደሚከራከሩ አዳምጡ።

ዋጋን በትክክል ማስላት

የወር ክፍያን ከወር ክፍያ ጋር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። መታየት ያለበት በትክክል ለተሠራበት አንድ ሰዓት የወጣው ገንዘብ ነው። ለስሌት እንዲመቸን ቁጥር እንያዝ፤ ቁጥሮቹ የየትኛውም ቦታ ዋጋ አይደሉም። ሀ የተባለው ቦታ በወር 6,000 ብር ያስከፍላል፣ ጀነሬተር አለው፣ ከቤት በእግር ይደረስበታል። ለ የተባለው በቀን 350 ብር ነው፣ ጀነሬተር የለውም፣ ደርሶ መልስ 80 ብር ታክሲ አለው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ስድስት ሰዓት የምትሠራ ልጅ በወር 13 ቀን ያህል ትመጣለች፤ 78 ሰዓት ማለት ነው።

በመጀመሪያ እይታ ለ ይረክሳል፤ 13 ቀን በ350 ሲባዛ 4,550 ብር ነውና። ነገር ግን በወሩ ውስጥ በአራት ቀናት ሁለት ሁለት ሰዓት መብራት ቢጠፋ የሥራ ሰዓቷ ወደ 70 ይወርዳል፣ የታክሲው 1,040 ብር ሲታከልበት ወጪዋ 5,590 ብር ይሆናል፤ አንዱ የሥራ ሰዓት 80 ብር ገደማ ወጣበት። በሀ ዘንድ ግን ሙሉ 78 ሰዓቷን ስለምትሠራ አንዱ ሰዓት 77 ብር ያህል ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን መምጣት ከቻለች ደግሞ ወደ 45 ብር ይወርዳል። ውዱ ቦታ ረከሰ። በእርግጥ 6,000 ብሩን በአንድ ጊዜ ማግኘት ለብዙዎች ዋናው ችግር ነው፤ ለዚህ ነው አቅም ያጠራቸውን እንደግፋለን የሚል ቦታ በሳምንት ወይም በቀን የሚከፈልበትን መንገድ ሳይቀጣ ማቅረብ ያለበት። የቀን ክፍያው ተደምሮ ከወሩ ክፍያ በብዙ የሚበልጥ ከሆነ፣ ቅናሹ የተሰጠው ገንዘብ ላለው ሰው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋዎች ስለተለዋወጡ፣ ባልንጀራችሁ ዓምና የከፈለውን ይዛችሁ በጀት አታውጡ፤ የተነገራችሁ ዋጋ ለስንት ወር እንደሚጸና ጠይቁ። ስለ ኢንተርኔት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት አቅራቢዎች ስላሉ፣ ቦታው የአንዱ መስመር ሲቋረጥ በሌላው የሚተካበት ዝግጅት እንዳለው ማወቅና ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ፍጥነቱን በራስ ስልክ መለካት ይበቃል።

ማኅበረሰብ የሚባለው ነገር

የማኅበረሰብ ሀብን ከንግድ ቢሮ የሚለየው አንድ ሰው ነው ብል አላጋነንኩም፤ እርሱም አባላቱን የሚያስተባብረው ሠራተኛ ነው። ጥሩ አስተባባሪ የእያንዳንዱን አባል ሥራ ያውቃል፣ የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠራውን ወጣት የሒሳብ ችግር ካለባት የዳቦ ቤት ባለቤት ጋር ያስተዋውቃል፣ አንድ ሳምንት ያልመጣውን ሰው ደውሎ ይጠይቃል። ለዚህ ሰው የማቀርበው ፈተና ቀላል ነው፦ «ባለፉት ሦስት ወራት ከአባላታችሁ መካከል ማን ለማን ሥራ ሰጠ?» ወዲያው ሁለት ሦስት ምሳሌ የሚያነሣ ከሆነ እዚያ ማኅበረሰብ አለ። ስለ ግድግዳው ቀለምና ስለ ዝግጅቶቹ ብዛት ማውራት ከጀመረ ግን ወንበር ብቻ ነው ያለው። አስተባባሪው ስንት ጊዜ እንደተቀየረም ጠይቁ፤ በየስድስት ወሩ የሚለዋወጥ ከሆነ የገነባው ትውውቅ ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

ከዚሁ ጋር ቦታው በምን ገንዘብ እንደሚተዳደር መረዳት ያስፈልጋል። በረጂ ድርጅቶች ፕሮጀክት የሚደገፉ ሀቦች ለሴቶችና ለወጣቶች ነጻ ወይም በግማሽ ዋጋ ወንበር የሚሰጡት ፕሮጀክቱ እስካለ ድረስ ነው፤ ፕሮጀክቱ መቼ እንደሚያልቅና ከዚያ በኋላ ዋጋው ስንት እንደሚሆን መጠየቅ ነውር የለበትም። የንግድ ቢሮዎቹ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ዊወርክ የተባለው በዓለም የታወቀ ኩባንያ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ጥበቃ እስከ መጠየቅ የደረሰው ሕንፃዎችን በረጅም ውል ተከራይቶ ለአባላቱ በአጭር ጊዜ ሲያከራይ፣ አባላት ሲቀንሱ የኪራይ ዕዳው እርሱ ላይ ስለቀረ ነው። የእኛም ከተማ ቦታዎች በአብዛኛው ተከራዮች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ እንደታየው፣ አድራሻ በአጭር ጊዜ ሊቀየር ይችላል። የቤት ኪራይ ውላቸው ስንት ዓመት እንደቀረው የሚነግራችሁን ቦታ እመኑት።

የአድራሻ ጉዳይም እዚህ ላይ ይነሣል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ ብዙ ወጣቶች በዚህ መንገድ ለመመዝገብ ይመጣሉ፤ ሲመዘገቡ ግን የሥራ አድራሻ ይጠየቃሉ። የጋራ ቦታው ተከራይ ስለሆነ እናንተ የምትይዙት የተከራይ ተከራይነት ነው። ውላችሁ ለምዝገባ ተቀባይነት ማግኘቱን ከአስተዳዳሪው አፍ ብቻ አትቀበሉ፤ የውሉን ረቂቅ ይዛችሁ አካባቢው የሚገኝበት የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ በዚያው አድራሻ ፈቃድ ያወጣ ነባር አባል ካለም አነጋግሩ። ሕጋዊ ደረሰኝ የማይሰጥ ቦታ ደግሞ ርካሽ ቢመስልም፣ ክፍያው በግብር ጊዜ እንደ ወጪ አይያዝላችሁም።

በላፕቶፕ ለማይሠራ ሥራ

እስካሁን የተናገርኩት በኮምፒውተር ለሚሠሩ ሰዎች ነው፤ ሀቦች የተሠሩትም በአብዛኛው ለእነርሱ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ድጋፍ በጣም የሚያስፈልጋቸው ብዙ ሴቶችና ወጣቶች የሚሠሩት በእጃቸው ነው። ከቆዳ ቁራጭ የሴት ቦርሳ የምትሠራ አንዲት ወጣት ከአንድ ሀብ ተቀባይነት አግኝታ በደስታ ስትገባ አስታውሳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት የልብስ ስፌት መኪናዋን ይዛ መጣች፤ የመኪናው ድምፅ ሌሎቹን ረበሸ፣ የማጣበቂያው ሽታም ቅሬታ አስነሣ፣ በመጨረሻ መኪናውን ቤቷ አስቀምጣ ሀቡ ውስጥ ስልክ ብቻ ይዛ ትቀመጥ ጀመር። ያ ቦታ ለእርሷ ሥራ የሚሆን አልነበረም።

ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሻለው ሼድ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ ዘርፍ የተደራጁ ወጣቶች በወረዳቸው በኩል አመልክተው፣ ከገበያው ባነሰ ኪራይ ለተወሰኑ ዓመታት የማምረቻ ቦታ የሚያገኙበት ነው፤ ጎረቤቱም እንጨት ሠሪ፣ ብረት በያጅ፣ ልብስ ሰፊ ስለሆነ የዕቃ መግዣና የትዕዛዝ መረጃ ከሰው ወደ ሰው ያልፋል። ነገር ግን ሦስት ችግሮችን አውቆ መግባት ያሻል። ተራው ይረዝማል። መደራጀቱ አንዳንዴ የማይተዋወቁ ሰዎችን ለወረቀት ብቻ ያሰባስባል፣ ኋላም በገንዘብ ያጣላል። ከሁሉም የሚከብደው ግን የነዋሪነት መታወቂያ ጉዳይ ነው፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ዘመድ ቤት ወይም ደባል የሚኖር ወጣት መታወቂያው ከመጣበት ወረዳ ስለሆነ ከዚህ ዕድል ውጭ ይሆናል። ለዚህ ወጣት የግልም ሆነ የማኅበረሰብ ሀብ መታወቂያው የት እንደወጣ ሳይጠይቅ መቀበሉ ትልቅ ጥቅም ነው። ለቦርሳ ሠሪዋ የመከርኳት ሁለቱን እንድታጣምር ነበር፦ ማምረቱን ከሌላ ሰፊ ጋር በተጋራችው አንዲት ክፍል፣ ደንበኛ ማግኘቱንና የዋጋ ስሌቱን ግን በወር አራት ቀን የቀን ክፍያ እየከፈለች ሀቡ ውስጥ። ይህ እስካሁን አብሯት አለ።

ማጣመር ለሌሎችም የምመክረው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የንባብና የጽሑፍ ሥራን አብርሆት ወይም ወመዘክር፣ ደንበኛ የሚመጣበትን ቀን ደግሞ በቀን ክፍያ የጋራ ቢሮ ማድረግ ቋሚ ገቢ ለሌለው ሰው ይስማማል። ሥልጠና የሚጎድለው ሰው ወንበር ከመከራየቱ በፊት የሥራ ፈጠራ ልማት ኢንስቲትዩትን ይጠይቅ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ማዕከል ተብሎ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተቋቋመው ይህ ተቋም ኢምፕሬቴክ በሚባለው የስድስት ቀን ሥልጠናው ይታወቃል። እዚያ የሚገኙት የሥልጠና ባልንጀሮችም ኋላ ጠረጴዛ የሚጋሩ ሰዎች ይሆናሉ።

ከመፈረም በፊት

ሁለት ቦታ ከቀረላችሁ በእያንዳንዱ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ከፍላችሁ ዋሉ፤ ጉብኝት በቂ አይደለም። ስትውሉ ሥራችሁን ሥሩ እንጂ ቦታውን አትመርምሩ፤ ማታ ላይ ምን ያህል እንደሠራችሁ፣ ስንት ሰው ስማችሁን እንደጠየቀ፣ ቤታችሁ በስንት ሰዓት እንደገባችሁ ጻፉ። እርግጥ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ውል መፈረም ስለማይችል ወላጁ ወይም አሳዳጊው አብሮት ይሂድ፤ እንዲህ ያሉ ወጣቶችን ለመቀበል ቦታው የተለየ ደንብ ካለውም በጽሑፍ ይሰጣቸው።

ውሉ አንድ ገጽም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን፣ ቋንቋውም የምትረዱት ይሁን። ማስያዣ ከተከፈለ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ ቦታው አድራሻ ቢቀይር ወይም አሳንሰሩ ለሳምንታት ቢበላሽ አባሉ ያለ ቅጣት መውጣትና የቀረውን ገንዘብ መቀበል እንደሚችል፣ ዋጋ ሲጨመር ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገር፣ የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ይጻፍበት። አስተዳዳሪው «እኛ ቤተሰብ ነን፣ ይህ ሁሉ አያስፈልግም» ካለ በትሕትና፣ ቢሆንም ይጻፍልኝ በሉት፤ እምቢ ካለ ደግሞ ሁለተኛው ቦታ አለላችሁ።